መረብ በማይደርስበት መንደር ስለ ማስተማር

የኢንተርኔት መረብ አይደርሰንም ብሎ ትምህርቱን መተው አይገባም። በፈረንጆች አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው ኪዊክስ የሚባለው ፕሮግራም ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፣ ዊኪፔዲያ የተባለውን መዝገበ ዕውቀት ያለ መረብ ያስነብባል። መምህሩ ወደ ከተማ በወረደ ጊዜ መዝገቡን በስልኩ ካርድ ላይ ያወርዳል፤ ሲመለስም ተማሪዎቹ በዚያው ስልክ ያነቡታል። የእንግሊዝኛው ሙሉ መዝገብ ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ያህል ስለ ሆነ ለካርዱ ይከብዳል፤ የአማርኛው ግን እጅግ ትንሽ ነው። አንድ ስልክ ለክፍሉ አይበቃም የሚል ቢኖር፣ አንዱ ጮኾ ሲያነብ ሌሎቹ ማዳመጣቸው የቈየ ልማዳችን ነው። ይሁንና ዊኪፔዲያን ማንም ሊጽፍበት ስለሚችል ስሕተት አይታጣበትም፤ ስለዚህ መምህሩ አስቀድሞ ከመማሪያው መጽሐፍ ጋራ ያስተያየው። ከወረደ በኋላ የታረመውም በካርዱ ላይ አይገኝምና፣ ያወረደበትን ቀን በደብተሩ ይጻፍ።