የረጠበው ከላይ ይሁን፦ ስለ ግሩፕ ፕሮጀክት ከአትክልት ተራ የምንማረው



ሴሚስተሩ ተጋምሷል፤ የፕሮጀክት ማስረከቢያ ቀንም እየቀረበ ነው። ሰሞኑን ከዙሁር በኋላ ስንገናኝ የምንሰማው ወሬ አንድ ዓይነት ሆኗል። እከሌ ስልክ አያነሳም፤ እከሊት ድርሻዋን በመጨረሻዋ ሌሊት ላከች፤ የሠራው አንድ ሰው ነው፣ ሽፋኑ ላይ ግን አምስት ስም አለ። የዚህን ወር ትምህርት በዚሁ ላይ ያደረግነው ለዚህ ነው።

በቡድን ስለመሥራት ሲወራ መግባባትና መቻቻል ይነሳል። ጥሩ ነው። ግን እኛ እስካየነው ድረስ ተጣልቶ የሚፈርስ ግሩፕ ጥቂት ነው፤ የሚበዛው እየተሳሳቀ የሚወድቀው ነው። የሚወድቀውም ሥራ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲያልፍ ነው።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት አትክልት ነጋዴዎች ናቸው። ከእኛ መካከል ፒያሳ አካባቢ ያደጉ እንደሚያስታውሱት፣ አትክልት ተራ ሥራ የሚጀመረው ገና ሳይነጋ ነበር። ከመቂና ከዝዋይ በኩል ቲማቲም በእንጨት ሣጥን፣ ሽንኩርት በጆንያ የጫነ አይሱዙ ይቆማል። ሾፌሩ፣ አውራጁ፣ ደላላው፣ ጅምላ ሻጩና ቸርቻሪዋ ዘመዳሞች አይደሉም፤ ብዙ ጊዜ በቋንቋም በሃይማኖትም ይለያያሉ። ቲማቲም ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ሣጥኑ እጅ ሲለውጥ ይቆጠራል፣ የተጨፈለቀው እዚያው ይለያል፣ ዋጋውም በዚያው ይነጋገሩበታል። ጠዋት ያልተነገረ ብልሽት ከሰዓት በኋላ ጠብ ነው።

በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበውን ሐዲስ አብዛኞቻችን ሰምተነዋል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ፤ ጣታቸውንም እርጥበት ነካው። ባለቤቱን ሲጠይቁት ዝናብ እንደመታው ነገራቸው። ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው እንዳልሆነም ተናገሩ። ልብ እንበል፤ ሰውየው ዝናብ ስለመታው አልተወቀሰም። የተወቀሰው የረጠበውን ከሥር ስላደረገው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንመለስ። አንዱ የሕንፃውን ጭነት ያሰላል፣ ሌላዋ በዚያ ቁጥር ምሰሶውን ዲዛይን ታደርጋለች እንበል። የመጀመሪያው ጣሪያ ላይ የሚቀመጠውን ሮቶ አላካተተም፤ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ይመዝናል። አለማካተቱ ችግር አይደለም፣ ከተናገረ። ካልተናገረ ግን የእህታችን ስሌት አንድም ስህተት ሳይኖርበት ምሰሶው ስህተት ይሆናል። ስለዚህ ፋይል ስንልክ «ይኸው» ብቻ ብለን አንላክ። ምን እንደሠራን፣ ምን ብለን እንደገመትን፣ የቱ ላይ እርግጠኛ እንዳልሆንን በሦስት መስመር እንጻፍ። ሦስተኛዋ መስመር የረጠበችው ናት፤ ከላይ ትሁን።

የሚቀበለውም ሰው ድርሻ አለው። «አልገባኝም» ያለውን ልጅ በሌሎች ፊት የሚያሸማቅቅ የግሩፕ መሪ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እርጥቡን ከሥር ያገኘዋል። መድረሳ የቀራን ሰዎች ይህ አይከብደንም፤ ኡስታዙ ፊት ከመቅረባችን በፊት ለታላቅ ደረሳ አሰምተን፣ ስህተታችንን እዚያ ጨርሰን ነበር የምንሄደው። ሪፖርትም መምህሩ ጋር ከመድረሱ በፊት አንድ ጓደኛ ጮክ ብሎ ቢያነበው ምን አለበት?

ድርሻን መጻፍ ለአንዳንዶቻችን አለመተማመን ይመስለናል። በቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራ 282፣ እስከ ተወሰነ ጊዜ የሚቆይ ዕዳ ትንሽም ይሁን ትልቅ እንዲጻፍ ያዛል፤ የታዘዙትም አማኞች ናቸው። ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ የሚለውን ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ጽፎ ከላይ መሰካት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ተጽፎም የሚያመልጥ ነገር አለ። በ2012 የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ ገበያው መጨናነቅን ለመቀነስ ከአትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ በ2013 ደግሞ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። (ሰፈሩ ግን ዛሬም አትክልት ተራ ነው የሚባለው።) ጃን ሜዳ ሰፊ ስለሆነ ሰውን ለማራራቅ ምቹ ነበር። ክረምቱ ሲመጣ ግን ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ ሻጩም ገዢውም ተቸገረ። በአስቸኳይ የተደረገ ነገር ስለነበር ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመን ጥያቄ ይህ ነው፦ መራራቁ የአንዱ ድርሻ፣ የዝናቡ ውሃ የሌላው ድርሻ ቢሆን፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሚመጣውን ማን ያያል? በየግሩፑ አንድ ሰው ሥራው ድርሻና ድርሻ የሚነካኩበትን መጠየቅ ብቻ ቢሆን እንመክራለን።

ሁለት ነገር በአጭሩ። የጁሙዓ ሰዓት ላይ ቀጠሮ ከተያዘ በኋላ መቅረት ሶላትን ሰበብ ያስመስላል፤ በመጀመሪያው ስብሰባ ተናግረን ምትክ ሰዓት እኛው እናምጣ። ረመዳንም እንደዚያው። ሁለተኛ፣ ወንዶቹ ሳይት ሲሄዱ እህቶች ሁልጊዜ ጽሑፍ አስተካካይ የሚሆኑበት ልማድ አይገባንም። ለመለካት የሚያስፈልገው ሜትር እንጂ ሌላ አይደለም።

አሁን የሚከብደው፦ ምንም ያልሠራው ጓደኛችን። መጀመሪያ ለብቻው እናናግረው። ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም፤ ሶፍትዌሩን አለመቻሉን ለመናገር አፍሮ ነው። ትንሽና የምትታይ ሥራ ከቀን ጋር እንስጠው። ያም ካልሆነ ግን «ለወንድሜ ብዬ» ብለን ስሙን መጻፍ ያልሠራውን ሠርቷል ብሎ መመስከር ነው፤ ነገ በዚያ ዲግሪ የሕንፃ ዲዛይን ይፈርማል። ስሙን እንደማንጽፍ ማስረከቢያው ሳይደርስ ለራሱ እንንገረው፤ በመጨረሻው ቀን ከመምህሩ መስማት የለበትም።

አውቶካድና ኢታብስ ላስቸገራቸው፣ ከአምስተኛ ዓመት የተወሰንን ቅዳሜ ከዐስር ሶላት በኋላ ላፕቶፕ ይዘን እንቀመጣለን። ከሀ መጀመር የሚፈልግም ይምጣ።