ቡክ ሳያደርጉ ቤቱን ልይ ለሚሉሽ

ቆይ፣ እንዳትልኪው! መልሱን መጀመሪያ አብረን እንየው። ኤርቢኤንቢ ላይ ያወጣሽውን የሲያትል ቤትሽን ሊይዙ ያሰቡ ሴትዮ «ከመያዜ በፊት ቤቱን ባየው ደስ ይለኛል» ብለው ጠይቀውሻል። አንቺ ደግሞ «እሺ፣ ነገ ከሥራ ስመለስ ብቅ ይበሉ» ብለሽ የቤቱን ቁጥር ልትጽፊ ነው። ደግነትሽ ይገባኛል፤ ያሳደጉን ሰዎች እንግዳ ከደጅ አይመልሱም። ቢሆንም አድራሻውን አጥፊው። መጀመሪያ ሴትዮዋን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፤ ቤቱ ውስጥ ማየት የፈለጉት ምንድን ነው?

«ቤቱን ልየው» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳስበው ነገር አለ። አፍ አውጥቶ አይነግርሽም እንጂ ልቡ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለችው። የኛ ሰው ደግሞ ሳያይ ቤት መያዝ አልለመደም። አዲስ አበባ ቤት የሚከራየው በዓይን ታይቶ ነው። ደላላው ይዞሽ ይዞራል፣ ውኃው በየስንት ቀኑ እንደሚመጣ ትጠይቂያለሽ፣ ቆጣሪው የግል ይሁን የጋራ ታጣሪያለሽ፣ የግቢውን ሰው ታያለሽ። እዚያ «አይታይም» የተባለ ቤት ችግር አለበት ማለት ነው። ስለዚህ ሴትዮዋን ባዶውን «አይቻልም» ብትያቸው የሚሰሙት «የምደብቀው ነገር አለኝ» የሚል ነው። ሲያትል የኖረውም ሰው ቢሆን የሚሰጋበት ምክንያት አለው። ከሰው ማስታወቂያ ላይ ፎቶ ገልብጠው ክሬግስሊስት ላይ የሚለጥፉ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብለው የሚጠፉ አጭበርባሪዎች ሞልተዋል። ተጠራጣሪ ሰው ሲገጥምሽ አትቀየሚ።

እስቲ እንዲህ ብለሽ ጻፊላቸው፦ «ጤና ይስጥልኝ። ቡክ ካልተደረገ ቤቱን ለማንም አላሳይም፤ ለሁሉም የምሠራበት ደንብ ነው። ግን ማወቅ የፈለጉትን ሁሉ ይጠይቁኝ፣ ለክቼም ፎቶ አንስቼም እመልስልዎታለሁ። የሚመጡት እነማን ናቸው? ደረጃ የሚያስቸግረው ሰው አለ?» በቃ። ሲመልሱ ነገሩ ይወጣል። እናታቸው ከአዲስ አበባ አራስ ሊጠይቁ እየመጡ ይሆናል፣ ጉልበታቸውን ያማቸው ይሆናል፣ ያንቺ ቤት ደግሞ ቤዝመንት ነው። ሴትዮዋ ማየት የፈለጉት ያንን ደረጃ ነው ማለት ነው። ደረጃውን ቁጠሪ፣ መደገፊያው በየትኛው በኩል እንደሆነ ጻፊ፣ መታጠቢያ ቤቱ ገንዳ ይሁን ቁም ሻወር ንገሪያቸው፣ የበሩን ስፋት በኢንች ለኪ። ለእናታቸው የማይሆን ከሆነም ሳትደብቂ «ይሄ ቤት ለእናትዎ ጉልበት አይሆንም» በያቸው። የአንድ ሳምንት ኪራይ ይቅርብሽ። እኚህ አሮጊት ደረጃሽ ላይ ቢወድቁ ምን ይውጥሻል?

ሌላው ሐበሻ የሚጨነቅበት ወጥ ቤቱ ነው። ምድጃው ጋዝ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ? የእንጀራ ምጣድ የሚሰካበት ቦታ አለ? ቡና ቢቆላ የጭስ አላርሙ ይጮኻል? እነዚህን ማስታወቂያው ላይ አልጻፍሽም፤ ፎቶዎችሽ ሁሉ የአልጋና የትራስ ናቸው። ቁም ሳጥኑን ከፍተሽ አንሺ፣ የውጭውን መግቢያ ማታ መብራቱ በርቶ አንሺ፣ መኪና የሚቆምበትን አንሺ። ሰፈርሽ ካለው የኦቴሎ ጣቢያ አውሮፕላን ማረፊያው በባቡር ሦስተኛው ፌርማታ ነው፤ ይሄንን እንኳ አልጻፍሽም! ሰው ሁለቴ የጠየቀሽን ነገር ሁሉ ማስታወቂያው ላይ አስገቢው። እንዲህ ስታደርጊ «ልየው» የሚለው ጥያቄ ራሱ እየቀነሰ ይመጣል።

አሁን በሩን ለምን እንደማትከፍቺ ልንገርሽ። ኤርቢኤንቢ ትክክለኛውን አድራሻና ስልክሽን ቡክ ካልተደረገ ለእንግዳ አያሳይም፤ ካርታው ላይ የሚታየው ሰፈሩ ብቻ ነው። ይሄ የተደረገው አንቺን ለመጠበቅ ነው። ክፍያው በእነሱ በኩል አልፎ እንግዳው ከገባ ከ24 ሰዓት ገደማ በኋላ ወዳንቺ የሚላከው ደግሞ እንግዳውን ለመጠበቅ ነው፤ ቤቱ እንደተባለው ካልሆነ እንግዳው አቤት የሚልበት ጊዜ ያገኛል። ለንብረት ጉዳት የሚሰጡት ሽፋንም የተመዘገበ ቆይታን ተከትሎ የሚመጣ ነው። ሊያይ የመጣ ሰው ምንም ምዝገባ የለውም። ቤትሽ ውስጥ ቢወድቅ፣ ዕቃ ቢሰብር ወይም ቁልፍሽ የት እንደሚቀመጥ አይቶ ቢሄድ የምትሟገቺው ብቻሽን ነው።

ደግሞም ቤቱ ባዶ አይደለም። ዛሬ የገቡት ባልና ሚስት ከፍለው ተኝተዋል፤ እስኪወጡ ድረስ ቤቱ የእነሱ ነው። «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብለሽ ሰው ይዘሽባቸው ብትገቢ ከዚያ በኋላ የሚጽፉብሽ አስተያየት አይነሳም፤ ደግሞም እውነታቸውን ነው።

ይሄኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛልና በደንብ ስሚኝ። ሰው መጥቶ ቤቱን ሲያይ አንቺም እሱን ታያለሽ። ከዚያ በኋላ ቀኑ ተይዞም ሆነ ሐሳብሽን ቀይረሽ «አይሆንም» ብትይው፣ መልኬን አይታ ነው ብሎ ቢያስብ በምን ታስረጂዋለሽ? ሀርቫርድ ያሉ ተመራማሪዎች ኤርቢኤንቢ ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ የጥቁር አሜሪካውያን የሚመስል ስም ያላቸው ጠያቂዎች የነጭ ስም ካላቸው ይልቅ ተቀባይነታቸው በ16 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝተውታል፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ኩባንያው በኋላ የእንግዳውን ፎቶ አከራዩ እሺ ካለ በኋላ ብቻ እንዲያይ አደረገ። እኛ በስማችን ምክንያት ስንት በር የተዘጋብን ሰዎች ነን። «መጥተሽ እይው» ማለት ያንን መከላከያ በገዛ እጅ ማፍረስ ነው። ለሐበሻው ከፍተሽ ለፈረንጁ ወይም ለሜክሲኮው «ደንቡ አይፈቅድም» ካልሽ ደግሞ አድልዎ ሆነ፤ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ በዘር፣ በትውልድ አገር፣ በሃይማኖትና በአካል ጉዳት ሰው መለየትን ይከለክላል። ስለዚህ ደንብሽ አንድ ይሁን፣ ለሁሉም እኩል ይሁን። ጽፈሽ አስቀምጪውና ማን ቢጠይቅሽ ያንኑ ላኪ።

«የቤተ ክርስቲያን ሰው ቢሆንስ?» ትይኛለሽ። አዎ፣ የሚያስቸግረው እሱ ነው። የማታውቂውን ሰው እምቢ ማለት ይቀላል። እትዬ እገሌ ከቅዳሴ በኋላ እጅሽን ይዘው «ልጄ፣ ከሚኒያፖሊስ ለሰርጉ ለሚመጡት ዘመዶቼ ነው፣ እስቲ ዓይኔን አሳርፍበት» ሲሉ ይሉኝታ ይይዝሻል። እሳቸውን ማክበርና ቤቱን መክፈት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «እትዬ፣ ሰው ገብቶበታል፣ አሁን ማሳየት አልችልም። ስልኬ ላይ ቪዲዮ አለኝ፣ ኑ አብረን እንየው» ብለሽ እዚያው ከጎናቸው ተቀመጪና አሳዪያቸው። የምትጽፊውን ነገር በፊታቸው ብትነግሪያቸው ይገባቸዋል፣ ይመርቁሻልም። ቪዲዮውን አንድ ቀን ከጽዳት በኋላ ቅረጪው። ከመንገዱ ጀምረሽ በሩን ከፍተሽ እስከ መታጠቢያ ቤቱ ድረስ ሳታቋርጪ ሂጂ፤ የቤቱ ቁጥር፣ የቁልፉ ሳጥንና የኮዱ ቁጥር ግን እንዳይታዩ።

ሰርግ ካነሳን አይቀር፣ «ሳሎኑ ስንት ሰው ይይዛል?» የሚለውን ጥያቄ አትለፊው። አራት ሰው ለሚያድርበት ቤት ሳሎኑን ለማየት የሚመጣ ሰው ምናልባት መልስ ወይም ክርስትና ሊደግስበት ነው። ኤርቢኤንቢ ድግስን ከነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፣ በ2022 ደግሞ ቋሚ ደንቡ አድርጎታል። ከሁሉ የሚከብደው ሐዘን ነው። ከሌላ ስቴት ለቅሶ የመጡ አምስት ሰዎች ይገባሉ፣ ማታ የሚያስተዛዝነው ሰው እስከ መንገዱ ይሰለፋል። ሐዘንተኛ ላይ ልብሽ እንዳይጨክን፤ ግን ሳይገቡ ንገሪያቸው፦ «ማደሪያ እንጂ መቀመጫ አይሆንም፤ ለቀስተኛው በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቢቀበሉ ይሻላል።» ከገቡ በኋላ መናገር ነውርም ጭካኔም ይመስላል። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ውድድር በ2017 እ.ኤ.አ. እንደተደረገው እዚህ ሲመጣ ደግሞ አንድ ቤት ለስምንት ለአሥር ጓደኛ የሚፈልግ ይበዛል። አንቺ ግን የጻፍሽውን የሰው ቁጥር አትልቀቂ።

ሙሉ በሙሉ ማሳመን ያልቻልሽውን እንግዳ «እንግዲያው መጀመሪያ አንድ ሌሊት ይያዙና ይሞክሩት» በይው። የመሰረዣ ደንብሽ ፍሌክሲብል የሚባለው ከሆነ ደግሞ ከመግቢያው ሰዓት ቢያንስ 24 ሰዓት አስቀድሞ ከሰረዘ ሙሉ ገንዘቡን እንደሚያገኝ አስረጂው። ረዥም ጊዜ ለሚቆይ ሰው ይሄ ከማንኛውም ጉብኝት ይበልጣል፤ ማታ የጎረቤቱን ድምፅ ሰምቶ፣ ጠዋት የውኃውን ሙቀት አይቶ ይወስናል። ማየት ብቻውን እኮ ይሄንን አይነግረውም።

አንድ ወርና ከዚያ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ሲያትል ውስጥ የአጭር ጊዜ ኪራይ የሚባለው ከ30 ተከታታይ ሌሊት በታች ያለው ነው። ከዚያ ካለፈ የተከራይና አከራይ ሕግ የሚመለከተው ኪራይ ሊሆን ይችላል። ለአዲስ ሥራ የመጣ ወይም ለሕክምና ወራት የሚቆይ ቤተሰብ ቤቱን አይቶ ቢይዝ ተገቢ ነው፣ አሳዪው። ግን በቀን ብርሃን ይሁን፣ ቤቱ ባዶ ይሁን፣ ሙሉ ስሙን አስቀድመሽ ወስደሽ፣ ወንድማችንን ወይም እኔን አጠገብሽ አድርገሽ። በሩ ክፍት ይቆይ፣ አንቺ ከበሩ በኩል ቁሚ። ሰነዶችሽንና መድኃኒትሽን ከመሳቢያ አንሺ። ነባር ተከራይ ካለበት ደግሞ የስቴቱ ሕግ ለማሳየት ቢያንስ የአንድ ቀን ማስታወቂያ እንድትሰጪ ያዛል።

ሊያይ መጥቶ «ካሽ ልስጥሽ፣ ኮሚሽኑ ይቅርብሽ» የሚልሽንም ሸኚው። ከኩባንያው ውጭ መቀበል አካውንትሽን ያዘጋል፣ ታክሱም አንገትሽ ላይ ይቀራል። ከኪራዩ የበለጠ ቼክ ልኮ «ትርፉን ለወኪሌ መልሺለት» የሚል ካጋጠመሽ ሌባ ነው፤ ቼኩ ቆይቶ ይመለስብሻል፣ የሰጠሽው ግን አይመለስም። ሻንጣውን ይዞ በርሽ ላይ «ከፍዬበታለሁ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ፎቶሽን ሰርቀው ሸጠውለታል ማለት ነው። አትጩሂበት፣ የተበደለው እሱ ነው። ለፖሊስ እንዲያመለክት ንገሪው፣ አንቺም የሐሰቱን ማስታወቂያ ለድረ ገጹ አስታውቂ።

እምነት የሚገዛልሽ ሌላው ነገር ወረቀትሽ ነው። የሲያትል የአጭር ጊዜ ኪራይ ደንብ በ2017 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከጥር 2019 ጀምሮ ይሠራበታል። ላይሰንስ ታወጫለሽ፣ ቁጥሩን ማስታወቂያው ላይ ታሳያለሽ፣ አንድ ሰው የሚኖርበትን ቤትና ሌላ አንድ ብቻ ያከራያል። በ2019 የወጣው የስቴቱ ሕግ ደግሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም፣ ድንገተኛ ነገር ሲፈጠር የሚደወልበት ስልክና የእሳት ጊዜ መውጫ ካርታ ቤቱ ውስጥ እንዲኖር፣ ቢያንስ የ1 ሚሊዮን ዶላር የተጠያቂነት ኢንሹራንስ እንዲገባ ወይም በዚያው ልክ በሚሸፍን ድርጅት በኩል እንዲከራይ ይጠይቃል። የተለጠፈውን ካርታና የአላርሙን ፎቶ ጨምሪበት። የጠረጠረሽ እንግዳ ሲጠይቅሽ የላይሰንስ ቁጥሩን አመልክቺው።

ይሄን ሁሉ ሰምቶ አሁንም «ካላየሁ አልይዝም» የሚል ሰው መብቱ ነው። መልካም ጉዞ ተመኝተሽ ልቀቂው፤ ቀኑን ሌላ ይይዘዋል። ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። የቱንም ያህል ቀን ባዶ ቢሆንብሽ፣ የቤቱ ብድር ቀን ቢደርስብሽም፣ ብቻሽን ሆነሽ ስሙን ለማታውቂው ሰው ያንን በር እንዳትከፍቺ።