ትምህርት አሥራ ሁለት፦ ጥቅምንና ጉዳትን መዝኖ መጻፍ

ባለፈው ትምህርት ስለ ገላጭ ድርሰት ተምራችኋል። አሁን የምንመለከተው አመዛዛኝ ድርሰትን ነው። ይህ የድርሰት ዓይነት የአንድን ነገር በጎና ክፉ ጎን አቅርቦ ወደ ፍርድ የሚያደርስ ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ሲጽፉ አንዱን አንቀጽ በጥቅም፣ ሌላውን በጉዳት ይሞሉና «ስለዚህ ጥቅምም ጉዳትም አለው» ብለው ይዘጋሉ። ይህ መዘርዘር እንጂ መመዘን አይደለም። ሚዛን ሥራውን ሠራ የሚባለው አንዱ ወገን ዝቅ ብሎ ሲታይ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሁላችሁም የምታውቁትን ጉዳይ መርጠናል፤ ይኸውም በትርፍ ጊዜ በቤት ውስጥ ሹራብ መሥራት ነው። የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። ጸሐፊው ፍርዱን የሰጠው የት ላይ እንደሆነም እያስተዋላችሁ ሂዱ።

ሀ. ምንባብ
በቤት የሚሠራ ሹራብ

በአዊ ዞን፣ በአዘና ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ ናችሁ እንበል። ወሩ ሰኔ ነው። ዝናቡ ከቀትር በኋላ ይጀምራል፤ ጭቃው ከትምህርት ቤት እስከ ቤት ይሸኛችኋል፤ ማታ ማታ ብርዱ በበር ሥር እየሾለከ ይገባል። የግቢው ባለቤት እትዬ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው በሁለት ረጃጅም መርፌዎች ሹራብ ይሠራሉ። እጃቸው አይስትም፤ ዐይናቸው ግን ከእጃቸው ላይ ሳይሆን ከወጡ ላይ ነው። ይህን ስታዩ «እኔስ ለምን አልሠራም?» ትላላችሁ። ለክር መግዣ ያላችሁ ገንዘብ ግን ቤተሰብ ለደብተርና ለስንቅ የሰጣችሁ ነው። ይገባል ወይስ አይገባም?

ለመመዘን በመጀመሪያ ነገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሸማ የሚሠራው በድርና በማግ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ይቆማል፤ ማጉ በመወርወሪያ እየተመላለሰ ያቋርጠዋል። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም። አንድ ክር ብቻውን ቀለበት እየሆነ፣ እያንዳንዱም ቀለበት ከበታቹ ባለው ቀለበት ውስጥ እየሾለከ ረድፍ በረድፍ ያድጋል። ሹራብ ሲስቡት የሚለጠጠው፣ ሲለቁት የሚሰበሰበው፣ በቀለበቶቹ መካከል አየር ይዞ ገላን የሚያሞቀው በዚህ ምክንያት ነው። ድክመቱም የሚመጣው ከዚሁ አሠራር ነው፤ አንድ ቀለበት ካመለጠ ከበታቹ ያሉት ተከታትለው ይፈታሉ።

ክሩስ ከየት ይመጣል? በአዊና በጎጃም የሚረባው የዋሸራ በግ፣ የዳንግላ በግ እየተባለም የሚጠራው፣ ጠጉሩ አጭር ስለሆነ ለፈትል አይሆንም። የመንዝ በግ በአንጻሩ ሱፍ ያለው በመሆኑ በሰሜን ሸዋ ባናና በርኖስ ሲሠራበት ኖሯል፤ የደብረ ብርሃን የሱፍ ምንጣፍም የሚሠራው ከዚሁ ነው። ስለዚህ በደጃችሁ በግ ቢኖርም ክሩን የምታገኙት ከሱቅ ነው። የአዲስ አበባና የባሕር ዳር አውራ ጎዳና በእንጅባራና በዳንግላ ሲያልፍ አዘና ከጎዳናው ወጣ ብላ ስለምትገኝ፣ የፈለጋችሁትን ቀለም በፈለጋችሁት ቀን ላታገኙ ትችላላችሁ። ግማሹን ሠርታችሁ ክር ቢያልቅባችሁ አዲስ የምትገዙት ከፊተኛው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ፋብሪካ ክሩን የሚነክረው በየጊዜው ነውና፣ በሱቅ ውስጥ ያልታየው ልዩነት በፀሐይ ላይ ይታያል። ለአንድ አዋቂ ሰው ሹራብ እንደ ክሩ ውፍረት ከ400 እስከ 600 ግራም ያህል ይፈጃልና ሁሉንም በአንድ ጊዜ መግዛት ይበጃል።

ርካሹ ክር በአብዛኛው አክሪሊክ የሚባለው፣ ከነዳጅ ዘይት ውጤቶች የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው። ለማጠብ ይቀላል፤ ብልም አይበላውም። ነገር ግን እሳት ሲነካው ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ከምድጃ አጠገብ ተቀምጦ ለሚያጠና ተማሪ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የበግ ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ በሙቅ ውኃ እያሹ ካጠቡት ግን ይኮማተርና የአባት ሹራብ ለልጅ ይሆናል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ እውነቱን መናገር ይገባል። በገበያ ላይ የተዘረጋው ሰልባጅ ሹራብ ብዙ ጊዜ ለክሩ ብቻ ከምትከፍሉት ያነሰ ዋጋ አለው። የእጅና የመኪና ፉክክርም አዲስ አይደለም፤ ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነው። ገንዘብ ለማትረፍ ብሎ መርፌ የሚያነሣ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

ሌላው ችግር ልክ ነው። በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 20 ቀለበት ይገባል ብላችሁ ደረቱን በ100 ቀለበት ጀመራችሁ እንበል፤ ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። እጃችሁ ክሩን ጠበቅ የሚያደርግ ቢሆንና በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበት ቢገባ፣ ያው 100 ቀለበት 45 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ይሆናል። ፊቱና ጀርባው ሲደመር ሹራቡ በዙሪያው 9 ሳንቲ ሜትር ጠበበ ማለት ነው። በሁለት ቀለበት ስሕተት ሹራቡ ከራስ አልወርድ ይላል። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች መዳፍ የምታህል ናሙና ሠርተው በማስመሪያ ይለካሉ። ናሙናው ብዙ ጊዜ አይፈጅም፤ ጀማሪ ግን ይዘለዋል።

ጊዜውንም እናስላው። ፊቱ 100 ቀለበትና 130 ረድፍ ቢኖረው 13,000 ቀለበት ነው። ጀርባው ያንኑ ያህል ነው፤ ሁለቱ እጅጌዎች ተደምረው እንደዚያው ቢገመቱ ጠቅላላው 39,000 ይሆናል። በደቂቃ 10 ቀለበት የሚሠራ ጀማሪ 65 ሰዓት ያስፈልገዋል። በየማታው አንድ ሰዓት ቢሠራ ከሁለት ወር በላይ ነው፤ ይህም የተሳሳተውን ለመተርተር የሚጠፋውን ጊዜ ሳንቆጥር ነው። በደብዛዛ ብርሃን ለረጅም ሰዓት አቀርቅሮ መሥራት ዐይንን ያደክማል፤ አንገትንና የእጅ አንጓንም ያሳምማል።

የዚህ ትምህርት አዘጋጅ በመምህርነት ዘመኑ በአንድ ደጋ ከተማ ሲያስተምር፣ አንዲት ተማሪ በትምህርት ሰዓት ከጠረጴዛ ሥር ሹራብ ስትሠራ አገኛት። ተቆጥቶም ሥራውን ከእጇ ነጠቀ። አንደኛው መርፌ በእጇ ቀረ፤ ቀለበቶቹ ከመርፌው ወጡ፤ ክሩም ተስቦ ብዙ ረድፍ ተፈታ። ተማሪዋ ምንም አልተናገረችም፤ የተፈታውን ክር ሰብስባ በጣቶቿ ላይ ጠቀለለችው። ሹራቡ ለታናሽ ወንድሟ እንደነበረ መምህሩ የሰማው በኋላ ነው። በትምህርት ሰዓት መሥራቷ ጥፋት ነበር፤ የመምህሩ አነጣጠቅ ግን የባሰ ጥፋት ነበር።

ታዲያ ይህ ሁሉ እያለ ሰው ለምን ይሠራል? አንደኛው ምክንያት በዚያችው ተማሪ እጅ ላይ ታይቷል። ሹራብ የሚሠራው ከአንድ ተከታታይ ክር ስለሆነ የተበላሸው አይጣልም። ያረጀውን ተርትሮ፣ ክሩን በቱባ አድርጎ፣ አጥቦ ማስጣት፣ ሽብሽቡ ሲለቅ እንደ ልቃቂት ጠቅልሎ እንደገና መሥራት ይቻላል። ሸማ ሲያረጅ ይቀደዳል እንጂ እንዲህ ወደ ክርነቱ አይመለስም። ለታላቅ ወንድም የጠበበው ለታናሽ እኅት አዲስ ይሆናል። በዋጋ ያሸነፋችሁ ሰልባጅ እንኳ በዚህ መንገድ የክር ምንጭ ሊሆናችሁ ይችላል። ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት ጎኑን ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ ስፌቱ ላይ ጨርቁ በመኪና የተቆረጠ ከሆነ ክሩ በየረድፉ እየተበጣጠሰ ይወጣልና አይጠቅማችሁም።

ከዚህም ሌላ በቤት የተሠራ ሹራብ እጅጌው በለባሹ ክንድ የተለካ ነው፤ ክርኑ ሲሳሳ የሠራው እጅ ይጠግነዋል። ሥራው ወሬ አያቋርጥም፤ ቡና እስኪፈላ ድረስም ይገሰግሳል። «የሴት ሥራ ነው» የሚሉ ወንዶች ተማሪዎች ደግሞ ይህን ይስሙ፦ በአገራችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሆኖ ኖሯል፤ በፔሩ አገር በቲቲካካ ሐይቅ በምትገኘው በታኪሌ ደሴት ግን እንደ ሹራብ በመርፌ የሚሠራውን ቆብ የሚሠሩት ወንዶች ናቸው፤ ሙያውንም ከልጅነታቸው ይማሩታል። ዩኔስኮ የደሴቲቱን የእጅ ሥራ የሰው ልጅ ቅርስ ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ለደብተር የተሰጠው ገንዘብ ለአዲስ ክር መዋል የለበትም፤ በሰኔም ፈተና ሳያልቅ መርፌ ማንሣት አይገባም። ሐምሌ ሲገባ ግን ያረጀ ሹራብ ተርትራችሁ፣ ከእትዬ መርፌ ተውሳችሁ፣ ከሹራብ በፊት በአንገት ልብስ ጀምሩ። በቤት የሚሠራ ሹራብ ገንዘብ ባያተርፍም መማሩ ይጠቅማል።

ለ. ስለ ቃላት

«ሹራብ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው። ዛሬም በግብፅ ዐረብኛ ለዚህ የቀረበ ቃል ካልሲን ያመለክታል፤ በአማርኛም ካልሲ «የእግር ሹራብ» ይባላል። «ካልሲ» የተወሰደው ከኢጣሊያንኛ ነው። «ዳንቴል» የፈረንሳይኛ ቃል ሲሆን ሥሩ «ጥርስ» ማለት ነው፤ የዳንቴልን ጠርዝ ብታዩ ምክንያቱ ይገባችኋል። ዳንቴል የሚሠራበት ኪሮሽ አንድ ቆልማማ ጫፍ ያለው ሲሆን ሹራብ የሚሠራው በሁለት መርፌ ነውና ሁለቱን በድርሰታችሁ አታደባልቁ።

ሐ. ማሰሪያ አንቀጽና ፍርድ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አወዳድሩ።

1. በቤት የሚሠራ ሹራብ ውድ ቢሆንም ለልክ ይመቻል።
2. በቤት የሚሠራ ሹራብ ለልክ ቢመችም ውድ ነው።

በሁለቱም የተነገረው ነገር አንድ ነው፤ የተሰጠው ፍርድ ግን ተቃራኒ ነው። የመጀመሪያውን የሚያነብ ሰው መርፌ ያነሣል፤ ሁለተኛውን የሚያነብ ወደ ገበያ ይሄዳል። በአማርኛ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ማሰሪያ አንቀጽ በመሆኑ የጸሐፊው ሐሳብ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው። «ቢ–ም» ያለበት ክፍል ጸሐፊው አምኖ የተወው ነው። ስለዚህ አመዛዛኝ ድርሰት ስትጽፉ «በምን ልዝጋ?» ብላችሁ ሳትወስኑ ዐረፍተ ነገሩን አትጀምሩ።

«ሹራቡ ውድም ነው፤ ሞቃትም ነው» ብትሉ ግን ሚዛኑ እኩል ቆሞ ይቀራል። አንዳንድ ጊዜ ይህ ትክክል ነው፤ ነገሩ በእርግጥ እኩል ሲሆን። ብዙ ጊዜ ግን ጸሐፊው አለመወሰኑን የሚደብቅበት መንገድ ነው።

በተማሪዎች ጽሑፍ የሚዘወተረውን አንድ ስሕተትም እናንሣ። «ምንም እንኳን ሹራቡ ውድ ቢሆንም ነገር ግን ይሞቃል» የሚለው ዐረፍተ ነገር አንዱን ተቃርኖ ሁለት ጊዜ ይናገራል። «ቢሆንም» ካለ «ነገር ግን» አያስፈልግም። «ነገር ግን» እንዲገባ ከተፈለገ ፊተኛው ክፍል ራሱን ችሎ ይዘጋ፤ «ሹራቡ ውድ ነው፤ ነገር ግን ይሞቃል» ይባል።

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ ውስጥ «ቢኖርም»፣ «ግን»፣ «ነገር ግን» እና «በአንጻሩ» የገቡባቸውን ዐረፍተ ነገሮች አውጡ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱን መርጣችሁ ፍርዱ ወደ ተቃራኒው እንዲዞር አድርጋችሁ ጻፉ።

2. በምንባቡ ውስጥ የመምህሩ ታሪክ ባይኖር ኖሮ ሚዛኑ ይለወጥ ነበርን? ታሪኩ የሚያገለግለው ጥቅሙን ነው ወይስ ጉዳቱን? መልሳችሁን በአምስት ዐረፍተ ነገር ደግፉ።

3. በምንባቡ የዋጋ አኃዝ አልተሰጠም። በምትኖሩበት ከተማ የአንድ ጥቅል ክር፣ የአንድ አዲስ ሹራብና የአንድ ሰልባጅ ሹራብ ዋጋ ጠይቁ። ለአንድ ሹራብ 500 ግራም ክር እንደሚፈጅ ገምታችሁ አስሉና ስለ ዋጋ የተጻፈውን አንቀጽ በራሳችሁ አኃዝ እንደገና ጻፉት።

4. በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ ከሚሠሩት የእጅ ሥራዎች፣ ለምሳሌ ከፈትል፣ ከስፌት ወይም ከዳንቴል አንዱን መርጣችሁ ከ150 እስከ 200 ቃላት ያለው አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ሥራውን የሚሠራውን ሰው አነጋግሩ፤ ቢያንስ አንድ ነገር እርሱ ብቻ የሚያውቀውን ጠይቃችሁ በድርሰቱ አስገቡ።