«ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል!»



የሰፈራችን ልጅ አዲስ አበባ ወይም ሳዑዲ ከርሞ ጎብዬ ሲመጣ መጀመሪያ የምንለው ምንድን ነው? «ማሻአላህ! ወፍረሃል፣ ተመችቶሃል!» ከስቶ ከመጣ ደግሞ «ምነው፣ ምን አገኘህ?» እንለዋለን። አይፈረድብንም። በ1966ቱም በ1977ቱም ረሀብ ወሎ ያየውን አባቶቻችን ሲያወሩ ሰምተን አድገናል። ለእነሱ ሥጋ ማለት መትረፍ ነበር።

ዛሬ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2008 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2016) በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ከመቶ 8ቱ ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው። ከ16 ዓመት በፊት 3 ብቻ ነበሩ። በከተማ ከአምስት ሴቶች አንዷ ገደማ ስትሆን፣ በገጠር ግን ከመቶ ጥቂቶች ናቸው። ከፍተኛው ቁጥር የአዲስ አበባ ነው፤ ድሬዳዋና ሐረሪ ይከተላሉ። በዚያው ጥናት ከመቶ 22 ሴቶች ደግሞ ከሚገባው በታች ቀጭን ነበሩ፤ ይህ በጣም ከከፋባቸው አንዱ ጎረቤታችን አፋር ነው። አንድ አገር ሁለቱንም ተሸክሟል።

ልዩነቱ ከየት መጣ? የከተማው ሰው ሆዳም፣ የገጠሩ ዛሂድ ስለሆነ አይደለም። የእኛ ገበሬ ማሽላውን ሲኮተኩትና ሲያጭድ ይውላል፤ እናቶቻችን ውሃና እንጨት ይሸከማሉ። ከተማ የገባው ልጅ ግን በባጃጅ ሄዶ ተቀምጦ ይሠራል፤ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ፣ በዘይት የተጠበሰ ፓስቲ በየደጁ አለለት። አሁን ደግሞ ባጃጁም ለስላሳውም አስፋልቱን ተከትሎ እኛው ጋ መጥቷል። ስለዚህ ወሬው የሩቅ ሰው ወሬ አይደለም።

መለኪያው ቀላል ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው ከ72 ኪሎ ሲያልፍ ከልክ በላይ፣ 87 ኪሎ ሲደርስ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ይህም ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም በር ይከፍታል።

ዲናችንስ ምን ያስተምረናል?

1. ልክ። አላህ በሱረቱል አዕራፍ አንቀጽ 31 እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ከማባከን ከልክሎናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ የሰው ልጅ ወገቡን የሚያቀናለት ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃው፣ ካልሆነ ግን ሆዱን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ እንዲከፍል አስተምረዋል።

2. ጎረቤት። ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ወጥ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ለጎረቤቶቹ እንዲያካፍል ነግረውታል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። በእኔ ላይ የሚተርፈው ጉርሻ ሌላው ቤት የሚጎድለው ሊሆን ይችላል። ቅጥነት ሁሉ ጤና ወይም ተቅዋ አይደለም፤ አንዳንዱ ማጣት ነው። ያጣን ሰው ደግሞ «ሶብር አድርግ» ብቻ ብሎ ማለፍ አይበቃም።

3. አለማሾፍ። ሰሐቦች በኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) ቀጫጭን እግሮች ሲስቁ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነገሯቸው። አላህ ዘንድ የሚመዘነው ሌላ ነው። ስለዚህ ወፍራሙንም ቀጭኑንም መሳቂያ አናድርግ፤ «ወፍረሃል» የምትለዋ ሰላምታችንም ብትቀር ማንም አይጎዳም። «ጤናህ እንዴት ነው?» ትበቃለች።

ለዚህ ሳምንት ሦስት ነገር እንያዝ። ወደ ጁሙዓ ሰላት በእግር እንሂድ። ከሻያችን አንድ ማንኪያ ስኳር እንቀንስ። ለለስላሳ የምናወጣውን ብር ደግሞ ቤቱ የጎደለበትን ለምናውቀው ጎረቤት በድብቅ እናድርስ። ሰኞና ሐሙስ የምትጾሙም በኢፍጣር ሰዓት ሦስት ቦታ የተከፈለውን ሆድ አትርሱት።

ሰውነታችን አማና ነው፤ የጎረቤታችንም ረሀብ ይጠየቅብናል።

ያ አላህ! የጠገበውን አመስጋኝና ሰጪ፣ የተራበውን የጠገበ አድርግልን። አሚን።

ሱረቱል ከህፍንና ሰለዋትን አንርሳ። ጁሙዓ ሙባረክ!