በአሜሪካ የሥራ አድልዎ ክስ የጠበቃውን ገንዘብ ማን ይከፍላል?

ከካኩማም ሆነ ከሌላ ካምፕ ተነሥተው አሜሪካ ከገቡት ወገኖቻችን መካከል በዘሩ፣ በቀለሙ፣ በጾታው፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልድ አገሩ ምክንያት ከሥራ የሚባረር አይጠፋም። «ጠበቃ በምን ላቁም? ብረታስ የኩባንያውን ጠበቃ ከየት አምጥቼ እከፍላለሁ?» እያለ ዝም የሚለውም ብዙ ነው።

ይህ ፍርሃት ከአገራችን ልማድ የመጣ ይመስለናል። በአገራችን ዳኛው ተረቺው የረቺውን ወጪና ኪሣራ እንዲተካ ሊያዝ ይችላል። በአሜሪካ ግን ረታም ተረታም በመሠረቱ እያንዳንዱ የራሱን ጠበቃ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ለሥራ አድልዎ ክስ ከዚህ የተለየ ድንጋጌ አለው፤ ዳኛው ለረታው ወገን ተገቢ የጠበቃ አበል እንዲከፈል ሊወስን ይችላል።

ታዲያ አሠሪው ቢረታስ? ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ክሪስቲያንስበርግ ጋርመንት በተባለ ኩባንያ ጉዳይ ለይቶታል። ሠራተኛው ከረታ አበሉ እንደ ደንቡ ይሰጠዋል። አሠሪው ቢረታ ግን ክሱ ከንቱ ወይም መሠረተ ቢስ ሆኖ ካልተገኘ በቀር ሠራተኛው የአሠሪውን ጠበቃ አይከፍልም። ማስረጃ ስላጠረው ብቻ የተረታ ሰው ባለዕዳ አይሆንም ማለት ነው። ለምስክር ቃል ግልባጭና ለመሳሰለው የወጣው ወጪ ግን ሊጠየቅ ይችላል።

አበሉ የሚታሰበው በሰዓት ነው። ለምሳሌ ጠበቃው 100 ሰዓት ቢሠራና ተገቢው ዋጋ በሰዓት 200 ዶላር ቢሆን 20,000 ዶላር ይሆናል፤ ሠራተኛው ያገኘው ካሣ 6,000 ዶላር ብቻ ቢሆንም እንኳ። ጠበቃ የድኻ ሰው ጉዳይ የሚይዘው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ከብዙ አቤቱታ ጥቂቱን ብቻ የረታ ሰው ግን አበሉ ሊቀነስበት ይችላል።

ጥንቃቄ የሚያሻው በስምምነት ሲጨርሱ ነው። አበሉ በውሉ ካልተጻፈ ሊቀር ይችላል። ከጠበቃው ጋር ሲዋዋሉም ከካሣው ላይ ድርሻ ይወስድ እንደሆነና ቢረቱ ምን እንደሚከፍሉ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ባልገባን ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ መፈረም ምን እንደሚያስከትል ለእኛ ለካምፕ ነዋሪዎች የሚነገረን አይደለም።

ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት አቤቱታው ለእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ይቀርባል፤ ክፍያ የለውም። አሠሪው ቢያንስ 15 ሠራተኞች ያሉት መሆን አለበት። ጊዜው 180 ቀን ሲሆን በብዙ ስቴቶች 300 ቀን ነው። የተባረረ ሰው ቀኑን የሚቆጥረው ስንብቱ ከተነገረው ዕለት ጀምሮ እንጂ ሥራውን ካቆመበት ዕለት አይደለም።