ከጥላ ዛፍ ሥር የቡና ማሳን መለካት፦ ውሃ የማያስገባ የጂፒኤስ መሣሪያ አመራረጥ በአጋሮ አካባቢ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

በአጋሮና በዙሪያዋ ባሉ የቡና ቀበሌዎች ማሳን በጂፒኤስ መመዝገብ ከውጭ ገበያ ጋር የተያያዘ ሥራ ሆኗል። አካባቢው ዝናባማ በመሆኑ ውሃ የማያስገባ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ ለውሃ ስፖርት የተሠሩ የጂፒኤስ ሰዓቶችም በአማራጭነት ይታያሉ። ይህ ጽሑፍ የውሃ መከላከያ ደረጃም ሆነ በስክሪን ላይ የሚታየው የአኃዝ ብዛት ከጥላ ዛፍ ሥር ስለሚኖረው ትክክለኛነት ምንም እንደማይናገር ያስረዳል፤ የመምረጫ መስፈርቶችንና ከግዥ በፊት የሚደረግ የመስክ ፍተሻንም ያቀርባል።

ቁልፍ ቃላት፦ ጂፒኤስ፣ የጥላ ቡና፣ የውሃ መከላከያ ደረጃ፣ የማሳ ልኬት፣ አጋሮ

1. መግቢያ

የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋን ለመከላከል ያወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ታትሞ ወጥቷል። የተግባር ጊዜው ከመጀመሪያው ቀጠሮ ወደፊት ቢገፋም የደንቡ መሠረተ ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ወደ ኅብረቱ የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደኑ ከተጨፈጨፈ መሬት የመጣ መሆን የለበትም። ለዚህም የማሳው መገኛ ቢያንስ በስድስት የአስርዮሽ አኃዝ መመዝገብ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይመዘገባል፤ ከዚያ ላነሰው አንድ ነጥብ ይበቃል።

በጎማ ወረዳ፣ በአጋሮ ዙሪያ፣ አብዛኛው የገበሬ ማሳ ከዚህ ወሰን በእጅጉ ያነሰ ነው። ቡናውም የሚበቅለው በሰሳ፣ በዋንዛ፣ በብርብራና በመሳሰሉት ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ይህ ለቡናው የሚበጅ ጥላ ለመለኪያ መሣሪያው ግን እንቅፋት ነው። የተሳሳተ ነጥብ የአንድን ገበሬ ማሳ በጎረቤት መሬት ላይ፣ ወይም በቅርቡ በተመነጠረ ቦታ ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። በዚህም ምንም ዛፍ ያልቆረጠው ገበሬ ቡና ለጥርጣሬ ይጋለጣል።

2. የውሃ መከላከያ ደረጃ ምን ይናገራል?

በእጅ ሰዓቶች ላይ የሚጻፈው «5 ኤቲኤም» በቤተ ሙከራ ከ50 ሜትር የውሃ ጥልቀት ጋር የሚስተካከል የረጋ ግፊት መቋቋምን ያመለክታል። ይህ የአይኤስኦ 22810 መለኪያ ዋናን ታሳቢ ያደረገ ነው። በስልኮችና በእጅ ጂፒኤሶች ላይ የሚታየው «አይ ፒ ኤክስ 7» ደግሞ መሣሪያው በ1 ሜትር ጥልቀት ለ30 ደቂቃ ቢጠልቅ ጉዳት እንደማይደርስበት ያስረዳል።

ለአጋሮ የመስክ ሥራ ሁለቱም ከበቂ በላይ ናቸው፤ በማሳ ውስጥ የሚገጥመው ጥልቅ ውሃ ሳይሆን ዝናብ፣ ከቅጠል የሚንጠባጠብ ጤዛና ጭቃ ነው። ስለዚህ ከጥልቀቱ ቁጥር ይልቅ ሦስት ተግባራዊ ጥያቄዎች ይቀድማሉ። አንደኛ፣ የዝናብ ጠብታ የንክኪ ስክሪንን ስለሚያሳስት መሣሪያው በአዝራር ይሠራል ወይ? ሁለተኛ፣ የቻርጅ ቀዳዳው በእርጥብ እጅ ሲከፈት ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ ውሃ የሚከላከለው የጎማ ማሸጊያ በጊዜ ብዛት ስለሚደክም መለወጫ ይገኛል ወይ? በአዲስነቱ የተሰጠው ደረጃ ከዓመታት በኋላም ጸንቶ እንዲኖር መጠበቅ ስሕተት ነው።

3. ክፍት ሰማይና የጥላ ሽፋን

በካይት እየተጎተተ በባሕር ላይ ለሚንሸራተት ወይም በላንጋኖ ሐይቅ ላይ ጀልባ ለሚቀዝፍ ሰው ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። ሰዓቱ ብዙ ሳተላይቶችን በአንድ ጊዜ ያያል፤ ባለቤቱም በዋናነት የሚፈልገው ፍጥነቱንና የሄደበትን መስመር ማወቅ ነው። በዚህ ሁኔታ ጥሩ ውጤት ያሳየ ሰዓት ከሰሳ ዛፍ ሥር ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል ማለት አይደለም።

የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚዞሩ ሲግናላቸው መሬት ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ቅጠል፣ በተለይም እርጥብ ቅጠል፣ የበለጠ ያዳክመዋል። ግንድና ቅርንጫፍ ደግሞ ሲግናሉን አንጸባርቀው በረዘመ መንገድ ያደርሱታል፤ ተቀባዩም ርቀቱን አብዝቶ ያሰላል። የአሜሪካ መንግሥት የጂፒኤስ መረጃ እንደሚያመለክተው የተለመደ ስልክ በክፍት ሰማይ ሥር እንኳ ስሕተቱ 4.9 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዛፍ ሥር ይህ መጠን ይጨምራል።

የእጅ ሰዓት ተጨማሪ ሁለት ድክመቶች አሉት። አንቴናው ትንሽ ነው፤ በአብዛኛው ውሃ የሆነው የባለቤቱ አካልም ከአንድ ወገን የሚመጣውን ሲግናል ይጋርዳል። ብዙ የስፖርት ሰዓቶች ደግሞ መስመሩን ለማለስለስ ስለሚሠሩ የማሳውን ጥግ ሊያጠጋጉት ይችላሉ። ሆኖም ኤል 1ንና ኤል 5ን አጣምሮ የሚቀበል ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ መሣሪያ፣ ሰዓትም ይሁን ስልክ፣ የተንጸባረቀውን ሲግናል ከቀጥተኛው በተሻለ ይለያል። ከጥላ ሥር ለሚሠራ ሰው ይህ ባሕርይ ከጥልቀት ደረጃው እጅግ ይበልጣል።

4. ስሕተቱ በማን ላይ ይከብዳል?

ስድስተኛው የአስርዮሽ አኃዝ በመሬት ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሣሪያው ይህን አኃዝ መጻፉ ግን እስከዚያ ድረስ በትክክል ለካ ማለት አይደለም፤ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ብዙ ጊዜ ትርጉም የላቸውም።

ስሕተቱ ሦስት መልክ አለው። መላው ማሳ ወደ አንድ ወገን ቢገፋ ስፋቱ አይለወጥም፤ ቦታው ግን ይሳሳታል። ነጥቦቹ ወዲያና ወዲህ ቢበተኑ ስፋቱ በከፊል ይቻቻላል፤ ወሰኑ ግን ይጠላለፋል። ለካዩ ከቡናው ጥቅጥቅታ ለመሸሽ ከወሰኑ ውጪ ቢዞር ደግሞ ስፋቱ ራሱ ይጋነናል።

የመጨረሻውን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አራት ማዕዘን የሆነ የ4 ሄክታር ማሳ ጎኑ 200 ሜትር ነው፤ በየጎኑ 5 ሜትር ወደ ውጭ ቢለካ ስፋቱ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የግማሽ ሄክታር ማሳ በዚያው 5 ሜትር ሲሳሳት ግን ጭማሪው 30 በመቶ ይደርሳል። አንዱ ስሕተት በአነስተኛው ገበሬ ላይ ሦስት እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በዚህ መንገድ ቢለኩ ደግሞ በመካከላቸው 10 ሜትር ስፋት ያለው መሬት ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ይህም የአንድ የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ምስል ነጥብ ጎን ያህል ነው።

5. የመነሻ ሥርዓት ጉዳይ

ጂፒኤስ የሚሠራው ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው የመነሻ ሥርዓት ነው። ነባሮቹ የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች ግን አዲንዳን በሚባለው ሥርዓት የተዘጋጁ ናቸው። አንድ ቁጥር በአንዱ ሥርዓት ተለክቶ በሌላው ቢነበብ ቦታው ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። ይህን ስሕተት የትኛውም ውድ መሣሪያ አያርመውም፤ ስለዚህ ከመውጣት በፊት ቅንብሩን ማረጋገጥና በመረጃው ላይ የሥርዓቱን ስም መጻፍ ግዴታ ነው።

6. ከግዥ በፊት የሚደረግ ፍተሻ

መሣሪያን በማስታወቂያ ሳይሆን በማሳ ላይ ማነጻጸር ይሻላል። ለዚህ ከሜትር በቀር ብዙ ነገር አያስፈልግም።

ሀ) ከጥላ ሥር ጎኑ 50 ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በሜትር ተለክቶ በችካል ይከለል። ስፋቱ 2,500 ካሬ ሜትር ነው። በእያንዳንዱ መሣሪያ ዙሪያውን ደጋግሞ በመዞር የተገኘው ስፋት ከዚህ ጋር ይነጻጸር።

ለ) አንድ ችካል ላይ ለ10 ደቂቃ በመቆም ነጥቦቹ ምን ያህል እንደሚበተኑ ይታይ። በአንድ መቀመጫ የተገኘ አማካይ የጋራ ዝንባሌን ስለማያስወግድ ሳተላይቶቹ ቦታ ከለወጡ በኋላ በሌላ ሰዓትና በሌላ ቀን ይደገም።

ሐ) ፍተሻው ከዝናብ በኋላ፣ ቅጠሉ እርጥብ ሳለ፣ አንድ ጊዜ ይደገም።

መ) በእጅ አንጓ ላይ የታሰረ ሰዓት፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ በዘንግ ጫፍ ላይ ከፍ ተደርጎ ይሞከር። ልዩነቱ የለካዩን አካል ተጽዕኖ ያሳያል።

ከእነዚህ በተጨማሪ መሣሪያው የቆመ ነጥብን አማካይ መውሰድ፣ ጥሬ መረጃውን ሳያለሰልስ ማውጣትና ሙሉ የሥራ ቀን በባትሪ መቆየት መቻሉ ይታይ። ከከተማ ርቆ ለሚሠራ ሰው በሱቅ በሚገኝ ተራ ድንጋይ የሚሠራ የእጅ ጂፒኤስ ከሚያምር ሰዓት ሊመረጥ ይችላል።

7. ማጠቃለያ

ለውሃ ስፖርት የተሠራ ሰዓት የአጋሮን ዝናብ ይችላል፤ የአጋሮን ጥላ መቻሉ ግን በፍተሻ ብቻ የሚታወቅ ነው። ከ4 ሄክታር ላነሰ ማሳ አንድ ነጥብ በሚበቃበት ሁኔታ፣ ከማሳው ወሰን ራቅ ብሎ፣ ዛፉ በሳሳበት ቦታ ቆሞ በተለያየ ጊዜ የተወሰደ አማካይ፣ በውድ መሣሪያ በጥድፊያ ከተዞረ ዙሪያ የተሻለ ማስረጃ ነው። ከእያንዳንዱ መዝገብ ጋር የመሣሪያው ዓይነት፣ የመነሻ ሥርዓቱ፣ ቀኑና በፍተሻ የተገኘው የስሕተት መጠን አብሮ ቢያዝ፣ በኋላ ክርክር ሲነሳ ገበሬው የሚያቀርበው ቁጥር ምን ያህል እንደሚታመን ማሳየት ይቻላል።