አለቃሽ እንዲያምንሽ

ስሚኝማ እታለም፤ ሰርቪሱ ሳይመጣ ልንገርሽ። አለቃሽ በየሰዓቱ ማሽንሽ ላይ የሚያንዣብበው ስለጠላሽ እንዳይመስልሽ። አንቺ ላጠፋሽው ለበላዮቹ የሚመልሰው እሱ ነው። ስለዚህ የሚመዝንሽ ዞር ብሎ ሲመለስ በሚጠብቀው ነገር ነው።

ከሁሉ በፊት የፈረቃ ርክክቡን አደራ። ክር ከጎደለ፣ ማሽኑ ካንገራገረ፣ ሳትጠየቂ ተናገሪ፤ መዝገቡም ላይ ጻፊው። ከሌላ ሰው አፍ ከሰማው ጥፋቱ ሁለት ይሆናል፤ ብልሽቱና መደበቁ። መጥፎ ወሬ በጊዜው የምትነግር ሠራተኛ ዝም ያለች ቀን አለቃዋ እፎይ ብሎ ይውላል፣ "ችግር ቢኖር ትነግረኝ ነበር" እያለ። ይህን እምነት ያገኘች ልጅ ማንም አያንዣብብባትም።

ደግሞ ያቺን ይሉኝታሽን ቤት ተዪያት። የማይደርሰውን ሥራ "እሺ" ብለሽ ማታ ከምትቅለሰለሺ፣ ጠዋቱኑ "ይኼ ለነገ ነው የሚደርሰው" በይ፣ የኔ ቆንጆ። በብርዱ አታመካኚ፤ የደብረ ብርሃንን ውርጭ እሱም ያውቀዋል።

ትንሽ ሥራ ሲሰጥሽ አታኩርፊ። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. በ1879 አንኮበር ሲደርስ፣ ምኒልክ መጀመሪያ ያዘዙት ጫማ እንዲሠራ ነበር ይባላል። ቀጥለው ጠመንጃ ሲያዙት ከውጭ ማስመጣቱ እንደሚረክስ በግልጽ ነግሮ፣ እንቢ ሲሉት ሠርቶ አሳያቸው ይላሉ። በ1894 የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ የሰጡት፣ በ1897 የመንግሥት አማካሪ ያደረጉት ይህንኑ ሰው ነው። እኔን የሚገርመኝ ጫማው ነው፤ የተማረ መሐንዲስ ሳይንቀው ሠራው።

ማየር፣ ዴቪስና ሹርማን የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1995 ሰው የሚታመንባቸውን ነገሮች በሦስት ከፍለዋቸዋል፦ ችሎታ፣ በጎ ፈቃድና ሐቀኝነት። አንዱ ሌላውን አይተካም፣ እታለም። ሐቀኛነትሽን ፋብሪካው ሁሉ ቢመሰክርልሽ፣ ማሽኑን ካላወቅሽው ማሽኑን ለብቻሽ አይተዉልሽም። ስለዚህ እጅሽ እስኪፈታ የቆዩትን ኦፐሬተሮች ጠይቂ፤ መጠየቅ አያሳፍርም።

የጓደኞችሽን ወሬ ለአለቃሽ እንዳታመላልሺ! ለጊዜው ፈገግ ይልልሻል፤ ነገ የእሱንም ይዘሽ እንደምትሄጂ ግን በልቡ ይይዝብሻል።

መብትሽንም እወቂ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ "ገና አላመንኩሽም" ብሎ ማራዘም የለም። አንዳንዱ ደግሞ ምንም ብታደርጊ ማንንም አያምንም፤ እሱን ከራስሽ ጥፋት አትቁጠሪው። ከሥራ ሰዓት ውጭ ለብቻሽ እየጠራ "እንድንተማመን ነው" የሚልሽ ካለ ግን የሥራ እምነት አይደለም። አይሆንም በይው፤ ያኔውኑም ለእኔ ደውይልኝ።